ከኩሽናዬ መስኮት በታች ለሚበሩት ጄቶች አዛዥ

ለተከበሩ የሄንዳር አየር ጣቢያ ዋና አዛዥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከላያችን ሳይሆን ከበታቻችን ስለሚያልፉ አውሮፕላኖች

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የኩም ሴሪ ሸለቆ ነዋሪዎች ከጆሯችን በስተቀር ደህና ነን። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይዘንባል፣ በጎቹ እንደ ልማዳቸው አጥር ይዘላሉ፣ አብራሪዎችዎም ከሰኞ እስከ ዐርብ እንደ ልማዳቸው በመካከላችን ይመላለሳሉ።

ስሜ ሉነድ ፓሪ ይባላል። ከታላቅ ወንድሜ ከኢድዋል ጋር በሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ በግ አረባለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በጸሎት ቤታችን ኦርጋን እጫወታለሁ። ለእርስዎ የምጽፈውን በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት መስሎ ከታየብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች፣ ከአንዱ በቀር፣ ከአውሮፕላኖችዎ ልማድ ተምረው ነው መሰለኝ፣ በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ ከጠረጴዛዎ ሥር ስላለፉ ነው።

አቤቱታዬን ለሥራዎ እንዲመችዎ በቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ከፍታ። አውሮፕላን ማለት ቀና ተብሎ የሚታይ ነገር ነው ብላ ያስተማረችኝ እናቴ ተሳስታ ኖሯል። ቤታችን አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ እኔ ሰሃን ሳጥብ ጄቶችዎ ከመስኮቴ በታች ያልፋሉ። የአብራሪዎችዎን የራስ ቁር አናት እንደ እኔ አጥርቶ የሚያውቅ ዜጋ በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። አንደኛው ቁሩ ላይ የዳክዬ ሥዕል አለው፤ የዳክዬዋ ዓይን ግን ትንሽ ተፍቋልና ቢያስቀቡለት መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ዕይታ ከኩሽናዬ ሳልወጣ ስላበረከቱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀብር ሥርዓታችን። ወይዘሮ ሞርቪድን በቀበርንበት ረቡዕ፣ መጋቢያችን ተግዌን «አፈር ነሽና» ብላ «ወደ አፈር» ከማለቷ በፊት ሁለት ጄቶች ተከታትለው ከመቃብሩ ቅጥር አጠገብ አለፉ። ሳጥኑን በገመድ ያወርዱ የነበሩት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጎንበስ አሉ፤ ሳጥኑም ከታሰበው ቀደም ብሎ ደረሰ። ሟች ጆሯቸው ፈጽሞ ከደነቆረ ዓመታት ስላለፉ፣ ከተሰበሰብነው መካከል ያልደነገጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። መጋቢያችንም ጸሎቱን የቱ ላይ እንዳቆመችው ስለጠፋት፣ ወደ ጉድጓዱ ተመልክታ «እንግዲህ ደርሰዋል» ብላ ደመደመች። አጭር ቀብር የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ምስጋናቸውን እንዳደርስላቸው አደራ ብለውኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ በጎች። መሥሪያ ቤትዎ «እንስሳት ከጊዜ ብዛት ድምፁን ይለምዱታል» የሚል ባለቀለም በራሪ ወረቀት ልኮልናል። ከጣቢያዎ ከሚነሱት በራሪዎች ሁሉ ቤታችን በሰላም የደረሰው እሱ ብቻ ነውና ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። በጎቻችን ግን ማንበብ ስለማይችሉ እስካሁን አልለመዱም። ያረገዙት ወደ ድንጋዩ ካብ ይሮጡና አንዷ ባንዷ ላይ ይከመራሉ። በማግስቱ ሞቶ የተወለደ ግልገል ከእናቱ ሥር ሳነሳ፣ እናቲቱም እየተከተለችኝ ስትጮህ ቀልዱ ይጠፋብኛልና ወደሚቀጥለው ልለፍ።

አራተኛው አንድ ቁጥር ስለማይበቃው እንደ ሆነው አድርጌ ልንገርዎት።

ጊዜው የበጎቹ መውለጃ፣ ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰማዩ ከብዙ ዝናብ በኋላ ጠርቷል። ሌላ አገር ሰማይ ሲጠራ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፤ እኛ ጆሯችንን እንይዛለን። ከማዶ ባለው ኮረብታ ላይ ፎቶ አንሺዎቹ ከማለዳ ጀምረው ተደርድረዋል። እነዚህ አውሮፕላን ፎቶ ለማንሳት ከሩቅ ከተማ የሚመጡ፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ የሚሸከሙ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ የግጦሹን መዝጊያ ከፍቶ ከመሄድ በቀር ሌላ ጥፋት አላየሁባቸውም።

ወንድሜ ኢድዋል ሰባን አልፏል። ጉልበቱ ካስቸገረው ወዲህ መንጋውን የሚዞረው ሴረን በምትባል ባዝራው ላይ ተቀምጦ ነው። እንደ ጎረቤቶቻችን ባለአራት ጎማ ሞተር እንዲገዛ ስለምነው «ሞተር ሲጨልም የቤቱን መንገድ አያውቅም» ይለኛል። ሴረን ነጎድጓድ የማያስደነግጣት፣ ውሻችን ጭራዋን ቢይዛት እንኳ ዞር ብላ የምትታዘበው ባዝራ ናት። በዚያን ቀን አንዲት ለመውለድ የደረሰች በግ ጠፍታበት፣ ድንጋይ ይወጣበት ከነበረው አሮጌ ካባ በላይ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ እየሄደ ነበር። እኔ ከበታቹ ድርቆሽ ተሸክሜ እወጣለሁ፤ እሱ ከላይ ሆኖ አረማመዴን እያየ ይስቅብኛል።

ከኋላ የሚመጣ ጄት እንደማይሰማ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። መጀመሪያ ጥላው ያልፋል፣ ቀጥሎ ራሱ፣ ድምፁ በመጨረሻ ይደርሳል፤ ሲደርስም ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከገዛ ደረት ፈንድቶ የወጣ ይመስላል። ያን ዕለት ከኢድዋል ባርኔጣ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር ያለፈው። ሣሩ ተኛ። ሴረን በኋላ እግሮቿ ቆመች። ከዚያ ወንድሜን አየር ላይ አየሁት። በኩም ሴሪ ከሚበሩት ሁሉ ሳይፈልግ የበረረው እሱ ብቻ ነው።

ድርቆሹን ጥዬ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስደርስ በድንጋዩ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኢድዋል! ኢድዋል! ትሰማኛለህ?»

«አትጩሂብኝ አንቺ ሴት። የተሰበረው ዳሌዬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

«እንዳትንቀሳቀስ!»

«ወዴት እንድሄድ ነው? ባዝራዋስ?»

ባዝራዋ በቁልቁለቱ ልቅ ድንጋይ ላይ ተንሸራታ ከካባው ጠርዝ ደርሳለች። ጉልበቶቿ ተልጠው ይደማሉ፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር ታች ነበረች።

«ቆማለች» አልኩት።

«እንዲያውስ አንቺ ቁጭ በይ፤ ከእኔ ይበልጥ አንቺ ልትወድቂ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ስልክ ደውዬ ቦታውን ተናገርኩ፤ መኪና እንደማይደርስ ሲረዱ የሕሙማን ሄሊኮፕተር ላኩልን። ቀዩዋ ሄሊኮፕተር በሸለቆው አፍ ብቅ ስትል እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ ምስጋናዬ ግን ትንሽ ቸኩሎ ነበር። ዝቅ ብላ ማረፊያ ስትፈልግ፣ የእርስዎ ሁለተኛው ጄት ከመታጠፊያው ወጣ።

ይህን ሳስታውስ ዛሬም እጄ ከኦርጋኑ ላይ ይነሳል። ሄሊኮፕተሯ ወደ ጎን ተጋደመች። የሚሽከረከረው ክንፏ የኮረብታውን ሣር ሊላጨው ምንም አልቀረው። ጄቱ በእሷና በእኛ መካከል ባለው አየር ውስጥ ሾልኮ ሄደ። እኔ ወንድሜ ላይ ተደፍቼ ነበር፤ እሱም «የጎድን አጥንቴን! የጎድን አጥንቴን!» እያለ ይጮሃል። ቀና ስል ሄሊኮፕተሯ አለች። ምስጋናዬን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ካረፈች በኋላ ቦርሳ ይዛ የወረደችው ኔሪስ የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች። ከወንድሜ አጠገብ ተንበረከከች፤ ነገር ግን የቦርሳዋን ዚፕ መክፈት አቃታት።

«ይቅርታ እናቴ» አለችኝ። «አንድ አፍታ ብቻ። እጄ እንቢ አለኝ።»

ወንድሜ ከተኛበት እጇን ያዘላት። «ቁጭ በይ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። እኔ የትም አልሄድም።»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ በኋላ እጇ ታዘዘላት፤ ሥራዋንም አሳምራ ሠራች።

ኢድዋል ዳሌው በብረት ተጠግኖ፣ ደረቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ሆስፒታል ከረመ። በጎቹን ጎረቤቶች ተረዳድተው አዋለዱልኝ። የጠፋችውን በግ ባለሱቁ ግዊዮን በሦስተኛው ቀን ሁለት ግልገል አስከትላ አገኛት። በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ስለ አደጋው ለጻፍኩት ደብዳቤ በገዛ ፊርማዎ የተጻፈ መልስ ደረሰኝ፤ «ጥብቅ ማጣራት ተደርጎ፣ በተባለው ቀንና ሰዓት የጣቢያችን ንብረት የሆነ አንድም አውሮፕላን በሸለቆው ውስጥ እንዳልነበረ ተረጋግጧል» ይላል። ስለዚህ ማብራሪያ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ወንድሜን የጣለው አውሮፕላን ይመስለን ነበር።

ነገሩን በቃልም እንዲያስረዱን አንድ ሻምበል ወደ መንደራችን አዳራሽ ላኩልን። ጫማቸው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ንግግራቸው እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ሰው ናቸው። ከብዙ ሥዕላዊ ማብራሪያ በኋላ ጥያቄ ካለ ጠየቁ፤ ግዊዮን እጁን አወጣ።

«እሺ ጌታዬ፣ ያለፈው ምን ነበር ታዲያ?»

«በተጠቀሰው ሰዓት የእኛ አውሮፕላን አልነበረም።»

«የማን ነበር?»

«እሱን ለማረጋገጥም ሆነ ለማስተባበል ሥልጣን የለኝም።»

«ጭልፊት ይሆን?»

አዳራሹ ሳቀ። ሻምበሉም ሰው ናቸውና ፈገግ አሉ፤ «ሊሆን የሚችለውን አይሆንም አልልም» ብለው መለሱ።

መጋቢ ተግዌን ከኋላ ተነሣች። «ሁለት ነበሩ እኮ።»

«ባልና ሚስት ናቸዋ» አለ ግዊዮን።

ከዚያ ወዲህ በሸለቆአችን ጄት የሚል ሰው የለም። «ዛሬ ጭልፊቱ በጠዋት ነው የተነሣው» እንባባላለን። እንዲህ ስንሳሳቅ ወንድሜ ገና ሆስፒታል ነበር፤ እኔም ሳቄን ጨርሼ ባዶ ቤት ስገባ ምርር ብዬ አለቅስ ነበር። ይህን የምነግርዎ ለማሳዘን አይደለም፤ የማጣራት ሥራዎ የተሟላ እንዲሆን ብዬ ነው።

ኢድዋል በክራንች ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ትንሽ መኪና በራችን ላይ ቆመች። ከውስጧ የወጣው ወጣት የግጦሹን መዝጊያ ገመድ መፍታት አቅቶት ሲታገል በመስኮት አየሁት። ኢንሹራንስ ሻጭ ወይም ሰባኪ መስሎኝ ሻይ ለማፍላት አልቸኮልኩም። ከሱቅ የተገዛ ኬክ በካርቶን ይዞ፣ ውሻችን ሱሪውን እያሸተተው ገባ። መልኩን አልገልጽልዎትም። ረጅም ሊሆን ይችላል፤ አጭርም ሊሆን ይችላል። መኪናዋም ምናልባት ቀይ አልነበረችም።

«አቶ ኢድዋል ፓሪን ፈልጌ ነበር» አለ።

«አገኘሃቸው» አለ ወንድሜ። «ምነው ልጄ፣ ታመሃል እንዴ? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«የመጀመሪያው አውሮፕላን።»

ለዚህ ሰው የምናገረውን ስለማመድ ከርሜያለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጎቹን ስመግብ፣ ኦርጋን ስጫወት ሳይቀር በልቤ እደግመው ነበር፤ ከመዝሙረ ዳዊት የተዋስኳቸው ምርጥ እርግማኖችም ነበሩበት። ያን ጊዜ የፈላ ውሃ ያለበት ማንቆርቆሪያ በእጄ ነበር። ለሁሉም ይሻላል ብዬ አስቀመጥኩት፤ ራቅ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። ከተለማመድኩት ሁሉ ግን ከአፌ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ውጣልኝ ከቤቴ።»

ወጣቱ ለመውጣት ዞረ።

«ተቀመጥ» አለው ኢድዋል። «ቤቱ የእኔም ነው።»

ተቀመጠ። ኬኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አቀፈው።

«አይተኸኝ ነበር?» ሲል ጠየቀው ወንድሜ።

«ካለፍኩ በኋላ። በመስታወቴ። ፈረሷ ቆማ፣ እርስዎ ደግሞ... ሲወድቁ አላየሁም። መታጠፊያው ጋረደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐሳቤ ገና እየወደቁ ነው።»

«ከወደቅኩማ ቆየሁ። ብረት ሁሉ አስገብተውልኛል። ለምን ነበር ያን ያህል ዝቅ ያልከው?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «ኮረብታው ላይ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ።»

«እና?»

«ቆንጆ ሆኜ እንድወጣ።»

እውነት እንዲህ ትንሽ ሆና ስትመጣ መስማት ከባድ ነው። ለጦርነት እየተዘጋጀ ነበር፣ መሣሪያው ተበላሽቶበት ነበር ቢባል አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ለፎቶ ሲባል ተሰበረ።

«ቆንጆ ወጣህ?» አለው ኢድዋል።

«አላየሁትም። ማየትም አልፈልግም።»

ከዚያ የቀረውን ነገረን። የዚያን ዕለት እንዳረፈ በቀጥታ ወደ አለቃው ሄዶ «ከተፈቀደው በታች በርሬያለሁ፤ ሰው ጥያለሁ መሰለኝ» ብሎ ነበር። አለቃውም ካዳመጡት በኋላ «ሸለቆው ውስጥ አልነበርክም። ሻይህን ጠጣና ተኛ» አሉት። በማግስቱ ደግሞ ተመልሶ ሄዶ ተናገረ፤ ያን ጊዜ ሻዩም ቀረበት። ይህ አለቃ እርስዎ ይሁኑ ሌላ ሰው አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስለዚህ እርስዎ አይደሉም ብዬ ማመንን እመርጣለሁ። ይህን መስመር ሲያነቡም ፊትዎ እንዳልቀላ እርግጠኛ ነኝ።

ኢድዋል ክራንቹን ይዞ ተነሣና ወጣቱን ወደ ጋጣው ወሰደው። ሴረን ጉልበቷ ድኗል፤ ልቧ ግን አልዳነም። ሰማይ ላይ ነገር ከተሰማ ከጋጣ አትወጣም፤ ወፍ እንኳ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ትርበተበታለች። ወጣቱ ካሮት በእጁ መዳፍ ላይ አድርጎ ዘረጋላት። አሸተተችውና ጀርባዋን ሰጠችው።

«አትቀየማት» አለው ወንድሜ። «አውሮፕላን እንዳልነበረ ገና አልተነገራትም።»

ወጣቱ ሳቀ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ትከሻውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድሜ ሴረንን እንደሚያባብላት አድርጎ አንገቱ ሥር መታ መታ አደረገው። እኔ በጋጣው በር ላይ ቆሜ ነበር። መቆጣቴን አልተውኩም፤ ግን የተቆጣሁበት ሰው እዚያ ጋጣ ውስጥ እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ተረዳሁ።

ከመሄዱ በፊት «ስሜን ጠርታችሁ ክሰሱኝ» አለን። «የትም ቦታ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

«አልከስህም» አለ ኢድዋል።

እዚህ ላይ እኔና ወንድሜ ተጣላን፤ ያውም በእንግዳ ፊት።

«ዕድሜህን ሙሉ እንደዚህ ነህ!» አልኩት። «በግህን የሰረቀህን ሰው እራት የጋበዝክ ሰው ነህ! ዳሌህ ተሰብሮ፣ ባዝራህ አብዳ፣ ዝም ልትል?»

«ዝም እላለሁ ማን አለሽ? ይህ ልጅ ብቻውን ቢቀጣ ሌሎቹ ደስ ይላቸዋል። 'ጥፋተኛው ተገኝቶ ተባረረ' ብለው ወረቀቱን ይዘጉታል፤ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይልኩብናል። እኔ የምፈልገው ልጁን ያልነበረ ያደረገውን ሰው ነው።»

ወንድሜ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ትክክል ይሆናል፤ ሲሆንም በጣም ያናድዳል። ወጣቱም «እንግዲያው እናቴ፣ እርስዎ ይጻፉት። ለአዛዡ፣ ሁሉም ሰው በሚያነበው ቦታ» አለኝ። እነሆ ጻፍኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምንለምንዎት ብዙ አይደለም። በጎቻችን በሚወልዱበት ሰሞን ሸለቆአችንን ይተዉልን፤ ተራሮቹ የትም አይሄዱም፣ በኋላ ያገኟቸዋል። የሕሙማን ሄሊኮፕተር በምትበርበት ጊዜ ጄቶችዎ እንዳይነሱ፣ የተነሱትም ከፍ እንዲሉ ያድርጉልን፤ ኔሪስ ገና ወጣት ናት፣ ብዙ ሰው ማዳን አለባት። ሦስተኛው ለእርስዎ ከሁለቱም ሳይከብድ አይቀርም፤ ለወንድሜ «አዎ፣ ነበርን» ይበሉት። ሌላ ምንም አይጨምሩ።

ስለ ወጣቱ ደግሞ አንድ ነገር በትሕትና ላሳስብዎት። ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ እንኳ እንደማይፈጅብዎ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚያን ቀን በሸለቆው ውስጥ አንድም አውሮፕላን እንዳልነበረ ፈርመው የላኩልን እርስዎ ነዎት። ያልነበረ አውሮፕላን አብራሪ የለውም፤ የሌለ አብራሪም አይቀጣም፣ ደረጃው አይቀነስም፣ ርቆ አይዛወርም። ነገ ጠዋት ከአብራሪዎችዎ አንዱ በዚህ ምክንያት አንዲት ፀጉሩ ብትነካ፣ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ሁሉ አውሮፕላኑ እንደነበረ ከእርስዎ አፍ ይሰማሉ። ቅጣቱ ሊኖር የሚችለው ጥፋቱ ከኖረ ብቻ ነው። የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ እኛ ሁለቱንም በአክብሮት እንቀበላለን።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ እንቅልፍም እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ የክቡርነትዎን ጊዜ በማባከኔ እጅግ እያፈርኩ፣ ለሰማዩ ጥበቃዎ ከነሙሉ ድምፁ እያመሰገንኩ፣ ዘወትር ከበላይዎ የምኖር የበታችዎ፣

ሉነድ ፓሪ
የበግ አርቢና የጸሎት ቤት ኦርጋን ተጫዋች፣ ኩም ሴሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ለኢድዋል ባነብለት «በጣም ጨዋ ሆነሻል» ብሎ ተቆጣኝ። እንግዲያው አንተ ጨምርበት ብዬ ብዕሩን ሰጠሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦ «ልጁ እኔን ለማየት ግማሽ ቀን መኪና ነድቶ መጣ። ለእርስዎ በአውሮፕላን የአራት ደቂቃ መንገድ ነው።»